ክርክር፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ትምህርት ቤት ይመለስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለፈተና ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። እዚያው እያደረ፣ አይቶት በማያውቀው ፈታኝ ፊት ይፈተናል። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ኩረጃው መቀነሱን አልክድም። ግን ልጆቹን በየትምህርት ቤታቸው መፈተን ይህን ያህል ከባድ ነው?

ሰላም፦ ጋሼ፣ የድሮውን ረሱት እንዴ? እኔ በተፈተንኩበት ክፍል ጎበዙ ልጅ መሃል ላይ ነበር የተቀመጠው። መልሱ በማስቲካ ወረቀት ተጽፎ እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል። ፈታኙ አንዱን ልጅ አፍጥጦ ሲያየው "ውጭ እንገናኛለን" ተባለ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ ዋለ። ምን ያድርግ? ማታ የሚገባው እዚያው ሰፈር ነው።

ወ/ሮ አስቴር፦ ልክ ነሽ ልጄ። ግን የእኔዋ ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አድራ ነው ሒሳብ የተፈተነችው። ሌባ ለመያዝ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይታሰራል?

ዮናስ፦ እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤም ፈትኛለሁ። ስልክ የያዘ ሰው አይገባም፣ እኛም ጭምር። አንድ ልጅ ካልሲው ውስጥ አጤሬራ ደብቆ አገኘሁት። ተቀበልኩት፣ ሪፖርት ጻፍኩ፣ አለቀ። ርዕሰ መምህር አልደወለልኝ፣ የወረዳ ሰው አማላጅ አልላከብኝ። ማንንም ስለማላውቅ ነው የቀለለኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲያው አንተን ወደ ልጆቹ መላክ አይሻልም? ተማሪው ይቀመጥ፣ ፈታኙ ይጓዝ።

ዮናስ፦ በ2015 ያስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከ3 ሺህ በላይ ነበሩ ጋሼ። ለሁሉም ፈታኝ፣ ፖሊስ፣ ወረቀት የሚያደርስ መኪና ከየት ይምጣ? የ2008ቱንም አይርሱ። ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘ። ያኔ ምን ዓይነት ፈታኝ ቢቆም ምን ሊፈይድ?

ሰላም፦ ለዚያ እኮ ነው ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተርም መፈተን የመጣው።

ወ/ሮ አስቴር፦ ማውስ ጨብጦ ለማያውቅ የገጠር ልጅ? መጀመሪያ መብራቱ ይምጣ።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ አሁንም ፈታኝ እንለዋወጥ ነው የምለው። ቢያንስ ትምህርት ቤቶቹ በሚቀራረቡበት ከተማ ይሞከር። የሚመድበው ግን ከወረዳው ውጭ ያለ አካል ይሁን። ዮናስ፣ አበልህንም በሰዓቱ ይክፈሉህ!