ከሐረር ግንብ ውጭ ላሉ ሠፈሮች የግንባታ መመሪያ፦ የአጥሩን አንቀጽ እንዴት ልጻፈው?

ጤና ይስጥልኝ። በከተማ ንድፍ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ከጁገል (በግንብ ከታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውጭ ላሉ ሁለት የመኖሪያ ሠፈሮች የሕንፃና የአረንጓዴ ቦታ መመሪያ እንዳረቅ ታዝዣለሁ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ውስጡን የሚነካ ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ውጪው ግን አንዱ አልኮቦንድ (የአሉሚኒየም ልባስ) ለብሶ ሲያብረቀርቅ ጎረቤቱ በዛገ ቆርቆሮ የታጠረበት ነው።

ከፍታውና የጣሪያው ቀለም አላስቸገረኝም፤ በሜትርና በናሙና ይጻፋል። የከበደኝ አጥሩ ነው። የሐረር ነባር ቤት ፊቱን ለግቢው እንጂ ለመንገድ አይሰጥም፤ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ግራና ቀኛቸው ግድግዳ ነው። ስለዚህ «አጥር ከወገብ በላይ አይዘጋ» የሚል ከሌላ ከተማ የተቀዳ አንቀጽ ባስገባ ከአገሩ ጠባይ ጋር ይጣላል። ዝም ካልኩ ደግሞ የሦስት ሜትር ብሎኬት ከዳር እስከ ዳር ይደረደራል፤ ሲመሽ መንገዱን የሚያይ ዓይን አይኖርም። ግድግዳው ይዘጋ፣ በሩ አጠገብ ግን መቀመጫ የሚሆን የድንጋይ መደብና ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ይኑር ብል ያስኬዳል? ይህስ አስገዳጅ ይሁን ወይስ ምክር? አቅም የሌለውን ነዋሪ መደብ ስላልሠራ ብቻ ፈቃድ መከልከል አልፈልግም።

ዛፉም ሌላ ጣጣ ነው። ውኃ በሚቸግርበት ከተማ አለቃዬ ሣር ሜዳ ጨምሪ ይሉኛል (ማን እንደሚያጠጣው አልተነጋገርንም)። እኔ ወይራና ጽድ አስቤአለሁ፤ ከቧንቧ መስመር ምን ያህል ይራቁ?

ተመሳሳይ መመሪያ ያረቀቃችሁ የአጥሩን አንቀጽ ቃል በቃል ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም። ረቂቁ ለነዋሪዎች ስብሰባ የሚቀርበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።