አልጣሽን ማየት እንፈልጋለን፣ መላ በሉን

ሰላም ወገን። ጎንደር የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቋራ ወርደን አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክን ለማየት አስበናል፤ ዕቅዱ ግን ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ፓርኩ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አንበሳ መኖሩን በካሜራ አረጋግጠዋል። እኔን ግን ከአንበሳው ይልቅ የሚያጓጓኝ ጫካው ነው፦ ሽመሉ፣ የዕጣን ዛፉ፣ ግንዱ ጎጆ የሚያህለው ዲማ (ባኦባብ)።

ያስቸገረን ወቅቱ ነው። ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ መኪና ይውጣል። ዝናቡ እንዳቆመ ደግሞ ሣሩ ረዝሞ ምንም አያሳይም። ቆይተን ብንሄድ ቃጠሎው ይደርሳል፣ ሙቀቱም ለደጋ ሰው አይቻልም። በቅርቡ የሄደ ሰው ካለ ኅዳር ይሻላል ወይስ ጥር? እስከ ቋራዋ ከተማ ገለጉ በሕዝብ ትራንስፖርት ይደረሳል? አስጎብኚስ እዚያው ይገኛል? የመንገዱን ጸጥታ የምታውቁም ሳትደብቁ ንገሩን። ለወባው አጎበር ይዘናል፤ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ ግን የተለመደው አጎበር ያቆማታል? ቀዳዳው ይሰፋባታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ተማሪዎቼን የኖራ ድንጋይ ላይ የበቀለ የሣር ሜዳ ማሳየት እፈልጋለሁ። የጎንደር ዙሪያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ለማየት ዓባይ በረሃ ድረስ፣ ደጀን መውረድ ሊኖርብን ነው። ለትምህርት ቤት በጀት ይሄ የማይታሰብ ነው! ቀረብ ያለ ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ።