ቪክቶር ጾይ ስሙ ከወጣ በኋላም ከሰል ይጨምር ነበር?

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የሌኒንግራዱን (የዛሬዋ የሩሲያ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ) ሮክ ባንድ ኪኖን እየሰማሁ ነው፣ ሌላ ሙዚቃ መስማት አቅቶኛል። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ቪክቶር ጾይ ሰው ሁሉ እያወቀውም ለሕንፃዎች ሙቀት የሚሰጥ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ከሰል በአካፋ ይጨምር ነበር ይባላል። እውነት ነው ወይስ ከሞተ በኋላ የተፈጠረ ወሬ? የምጠይቀው በምክንያት ነው። እኔም ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ማታ ጊታሬን ይዤ ቤት ውስጥ እቀዳለሁ፣ ሥራውን ልተወው ወይስ ልቀጥል እያልኩ ስንት ወር ሆኖኛል።

መልስ 1
እውነት ነው። ማሞቂያ ክፍሉ «ካምቻትካ» ይባላል፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ሠርቶበታል፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ግን ወዶ ብቻ የገባበት እንዳይመስልህ። በሶቪየት ኅብረት የተመዘገበ ሥራ የሌለው ሰው በሕግ ይጠየቅ ነበር፣ ሮክ መዝፈን ደግሞ ማንም ሥራ ብሎ አይመዘግብልህም። ስለዚህ ሙዚቀኞቹ ማሞቂያ ክፍልና ጥበቃ ይገቡ ነበር። ፈረቃ ስለሆነ ጊዜ ይተርፋቸዋል። በ1981 የተከፈተው የሌኒንግራድ ሮክ ክለብ መድረክ ሰጣቸው እንጂ እንጀራ አልሰጣቸውም፣ ግጥሙም በሳንሱር ሳይታይ አይዘፈንም ነበር።

መልስ 2
ልጄ፣ እኔ ያኔ እዚያው ሌኒንግራድ ተማሪ ነበርኩ። ሸክላ መሸጫ ገብተህ ኪኖ ብትል አታገኝም። እኛ የሰማነው ከትልቁ ባለ ሪል ቴፕ ነው፣ አንዱ ከሌላው እየቀዳ። የክፍል ጓደኛዬ ያመጣው የቴፑ ካርቶን ጠርዙ በፕላስተር የተጣበቀ፣ የዘፈኖቹ ስም በእርሳስ የተጻፈበት ነበር። ከስንተኛው ቅጂ እንደተቀዳ እንጃ፣ ድምፁ ከሹሹታው ጋር ነው የሚመጣው። እኔ አሁን የጸዳውን ስሰማ አንድ ነገር ይጎድለኛል። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ድራመር እንኳ አልነበራቸውም፣ በድራም ማሽን ነው የሠሩት። አልጠበቁም!

መልስ 3
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። በ1986 ጆአና ስቲንግሬይ የምትባል አሜሪካዊት ቅጂዎቹን ደብቃ አውጥታ የአራት የሌኒንግራድ ባንዶችን ሥራ አሜሪካ ውስጥ በሸክላ አሳተመች፣ አንዱ ኪኖ ነበር። በ1988 አገሩን ሁሉ ያናወጠውን አልበም ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ 4 ትራክ መቅጃ (አራት ድምፅ ለየብቻ በሚቀዳ) ነው የጀመሩት። ጾይ ሰኔ 1990 ሞስኮ ሉዥኒኪ ስታዲየም ዘፈነ፣ ነሐሴ ላይ ላትቪያ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፣ ገና 28 ዓመቱ ነው። ድምፁን ቀድቶ የተወውን ጓደኞቹ አልበም አድርገው ጨረሱት። እና ወንድሜ፣ ሥራህን አትልቀቅ። ፈረቃህን ቀይር፣ መቅዳቱን ግን አንድም ቀን አታቋርጥ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ አለቃዬን የሌሊት ፈረቃ እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ ያ ካርቶን አሁንም አለ?

መልስ 2
አለ፣ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ማጫወቻው ነው የጠፋው።