የመንገዱ ፕሮፖዛል፦ ድንጋይ ከመንጠፉ በፊት እንሞክረው

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንገዳችን ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ እንዲሆን ለማዘጋጃ ቤቱ ለምናቀርበው ፕሮፖዛል የላካችሁልኝን ሁሉ ሰብስቤ ሁለተኛውን ረቂቅ ጨርሻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላለኝም። 11 ገጽ ሆኗል፤ 8ቱ ስለ ንጣፍ ድንጋይ፣ ስለ ፏፏቴና ስለ መብራት ምሰሶ ነው። ሰው የት ቁጭ እንደሚል፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ እናት መንገዱን በስንት ሰከንድ እንደሚሻገሩ፣ የጭነት መኪና የት ቆሞ እንደሚያራግፍ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ማዘጋጃ ቤቱን «ይሄን ሥሩልን» ከምንል «ይሄን ለስድስት ወር እንሞክር» ብንልስ? ቀለም፣ ትልልቅ የተክል ሳጥኖች፣ ተንቀሳቃሽ ወንበሮች፣ በቃ። ካልሠራ በአንድ ሌሊት ይነሳል። ኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር የሚባለው አደባባይ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያ የሚያልፈው ብሮድዌይ የሚባል መንገድ ከ42ኛው እስከ 47ኛው መንገድ ድረስ ለመኪና ተዘጋ፤ መጀመሪያ የተቀመጠውም ርካሽ ታጣፊ ወንበር ነበር። ሰዉ ወዲያው ቁጭ አለበት። ቋሚ እንዲሆን የተወሰነው በቀጣዩ ዓመት ነው፣ ከባዱ ግንባታ ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ሱቅ ያላት አባል፦
በግልጽ ልናገር። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን መኪና ማቆሚያ ከጠፋ ደንበኛዬም አብሮ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ለእናንተ የስድስት ወር ሙከራ ነው፣ ለእኔ የግማሽ ዓመት ገቢ ነው። ዕቃዬ የሚገባው ደግሞ በፊት ለፊት በር ብቻ ነው፤ ይሄ ረቂቁ ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ልክ ነሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬውኑ ይገባል። ሱቆች ከመከፈታቸው በፊት ለጭነት ክፍት ይሆናል ብለን እንጻፍ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ በጎን መንገዱ ላይ ሁለት የማራገፊያ ቦታ እንጠይቅ። ኮፐንሃገን ውስጥ ስትሮየት የሚባለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ሲዘጋም ነጋዴዎቹ የፈሩት አንቺ የፈራሽውን ነበር። እሱም በሙከራ ነው የተጀመረው፣ ቋሚ የሆነው በ1964 ነው። ግን እዚያ ስለተሳካ እዚህ ይሳካል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ለዚህ ነው ቆጠራ የሚያስፈልገን። ከመዘጋቱ በፊት ስንት ሰው በርሽ ላይ ያልፋል፣ ስንቱ ይገባል፣ ከተዘጋ በኋላስ? ቁጥሩ ከወረደ ማቆም እንደምንችል ፕሮፖዛሉ ውስጥ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ዓይነ ስውር አባል፦
እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁ «መንገዱና የእግረኛው ቦታ አንድ ወጥ ደረጃ ይሁን» ይላል። ለዓይን ያምር ይሆናል። ለእኔ ግን ከፍ ያለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መረጃ ነው፤ በትሬ ሲነካው የመኪናው መንገድ የት እንደሚጀምር አውቃለሁ። አጥፍታችሁት ምንም ካልተካችሁ ብቻዬን ከቤት አልወጣም። በእግርና በበትር የሚለይ ንጣፍ አለ፤ ጃፓን ኦካያማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው፣ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ሰው ሠርቶት። አዲስ ነገር አይደለም፣ ውድ ነገርም አይደለም። እባካችሁ በኋላ የሚለጠፍ አባሪ አታድርጉት።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። የ«አንድ ወጥ ደረጃ» ዐረፍተ ነገር ወጥቷል። በቦታው የእርስዎን ቃል እንዳለ ነው ያስገባሁት።

መንገድ መሐንዲስ አባል፦
ጋሼ ያሉት ላይ ሌላ ምክንያት ልጨምር፦ ውኃ። መንገዱ ከፍ ብሎ ከሱቆቹ ደፍ ጋር እኩል ከሆነ፣ ጎርፉ የሚሄድበት ካልተሠራለት ቀጥ ብሎ ሱቅ ውስጥ ነው የሚገባው። የዝናብ ቱቦውን ችግር ቀለም አይፈታውም። ስለዚህ ሙከራው ላይ ውኃ መውረጃዎቹን በሳጥን እንዳንዘጋ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ፎቶ እናንሳ፤ ለቋሚው ዲዛይን ከማንኛውም ሥዕል ይልቅ ይጠቅማል። ቋሚው ሲሠራም መጀመሪያ ከመሬት በታች ያለው ሁሉ ይጠናቀቅ። አዲስ ንጣፍ በሦስተኛው ወር ለቧንቧ ሲቆፈር ማየት ያንገበግበኛል።

ቀለም በደንብ የሚሠራው መታጠፊያዎቹ ላይ ነው። አሁን በጣም ሰፊ ናቸው፣ ሹፌሩ ፍሬን ሳይነካ ይታጠፋል። ጥግ ጥጉን በቀለም ወደ መንገዱ ውስጥ ካመጣነው ለመዞር ፍጥነት መቀነሱ ግድ ነው፣ ማቋረጫውም ያጥራል። እንዲህ አስቡት። መንገዱ 12 ሜትር ቢሆን በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ሰው 10 ሰከንድ ይፈጃል። በሁለቱም በኩል 2 ሜትር ብናስገባ 8 ሜትር ይቀራል፤ 7 ሰከንድ አይሞላም። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ነው።

ተማሪ አባል፦
ረቂቁ ላይ ወንበሩ መሬት ላይ በብሎን ይታሰር የሚለውን እቃወማለሁ። ዊልያም ኋይት የኒው ዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ሲያጠና ያገኘው ቀላል ነገር ነው፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው፣ ወንበሩን ደግሞ ትንሽ እንኳ ቢሆን አንቀሳቅሶ መቀመጥ ይወዳል። ጥላ ሲዞር ወንበሩም ይዙር። የሚሰርቅ ይኖራል የምትሉ ካላችሁ፣ ማታ የሚሰበስብ ሰው እንመድብ እንጂ አንሰር።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ተስማምቻለሁ። ፏፏቴውን አውጥቼዋለሁ፤ የጻፍከው ወንድሜ ቅር እንዳይልህ፣ ሙከራው ከሠራ ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛው ረቂቅ ሐሙስ ማታ ይደርሳችኋል። እስከዚያ ቆጠራውን እንጀምር፦ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ በየጊዜው አንድ አንድ ሰዓት። የሚያልፈውን፣ የሚቆመውንና የሚቀመጠውን ለየብቻ ጻፉ። ለቅዳሜ ቀትር ሰው የለኝም።

ሱቅ ያላት አባል፦
የቅዳሜ ቀትሩን እኔ እይዛለሁ። በሬ ላይ ነው የምቆመው፣ የሚገባውንም እኔው እቆጥራለሁ።