ባይፎካል ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ? የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መጋላ አካባቢ። የሩቁን ለማየት ከድሮም ኮንታክት ሌንስ ነው የማደርገው፤ መነጽር በዚህ ሙቀት ላብ በላብ ሆኖ ከአፍንጫዬ ላይ እየተንሸራተተ ስላማረረኝ ነው የተውኩት። አሁን አርባዎቹን ሳጋምስ ደግሞ የቅርቡ እምቢ አለ። ከሩቅ የሚመጣ ባጃጅ ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን ጉድ ነው። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ሲሆንማ ተዉት!

ሐኪሙ በሽታ አይደለም፣ ዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ በዕድሜ እየጠነከረ መተጣጠፍ ሲያቅተው የሚመጣ ነው አለኝ። ሁለት አማራጭም ነገረኝ። አንዱ ባይፎካል ወይም መልቲፎካል፣ የሩቁም የቅርቡም ቁጥር በአንድ ሌንስ ላይ ያለበት። ሌላው አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማድረግ ነው፤ አንጎል ቀስ በቀስ ይለምደዋል ይባላል። እኔ ግን ማታ ሞተር ስለምነዳ ርቀት ያሳስተኛል ብዬ ፈራሁ።

ለጥቃቅን ሥራ የቱ ይሻላል? መልቲፎካሉ ማታ መብራት ዙሪያ ብዥታ ያመጣል የሚባለውስ እንዴት ነው፣ ይለመዳል? በዚህ አቧራና ንፋስ በየቀኑ የሚጣለው ነው ወይስ የወሩ የሚያዋጣው? ድሬ ወይም ሐረር መጀመሪያ ሞክሬው የምገዛበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ለዚህ ብዬ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ከባድ ነው።

የማንበቢያ መነጽር ከላይ ደርብበት እንዳትሉኝ ብቻ። ሞክሬዋለሁ። ደንበኛ በገባ ቁጥር ማውለቅ፣ ሜትር ሳነብ ማድረግ፣ ከዚያ የት እንዳስቀመጥኩት ጨርቅ ስር መፈለግ ነው።