ኢንክሪፕት ያደረግኩት (የመሰጠርኩት) ፓስወርድ ስቴት ፋይል ውስጥ ተገልጦ አገኘሁት

ጠያቂ፦ ንጋት_ኮድ

ሰላም ለሁላችሁ። 3 ቀን የታገልኩበትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ኤደብልዩኤስ (የአማዞን ክላውድ) ላይ 11 የላምዳ ፈንክሽኖች (ሲጠሩ ብቻ የሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) አሉን፤ ሁሉንም የምናስተዳድረው ክላውድ ላይ ያለውን ሁሉ በኮድ በሚፈጥረውና በሚቀይረው መሣሪያ በቴራፎርም ነው። የዳታቤዙን ፓስወርድ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከውጭ በሚቀበለው ዋጋ) ነው የምሰጣቸው። ማንም እንዳያየው ብዬ በኬኤምኤስ (በኤደብልዩኤስ የምስጠራ ቁልፍ አገልግሎት) የራሳችንን ቁልፍ ፈጠርኩ፣ የቁልፉን ኤአርኤን (ሙሉ መለያ አድራሻ) ፈንክሽኖቹ ላይ አስገባሁ፣ ቴራፎርም ውስጥም ቫሪያብሉን ሴንሲቲቭ (ምስጢራዊ) አልኩት። ፕላን (ምን እንደሚቀየር አስቀድሞ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ሳሠራ ፓስወርዱ ስክሪን ላይ አይወጣም። በዚህ ተረጋግቼ ነበር።

ትናንት ግን ሌላ ስህተት ስፈልግ ስቴት ፋይሉን (ቴራፎርም የሚያስተዳድረውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) አውርጄ ከፈትኩት። ፓስወርዱ ከነፊደሉ ቁጭ ብሏል። ክው ብዬ ቀረሁ። ፋይሉ የሚቀመጥበት ባኬት (የክላውድ ማከማቻ) ላይ ቨርዥኒንግ (የቆዩ ቅጂዎችን የማቆየት ስልት) ስለበራ የቆዩት ቅጂዎች ውስጥም አለ ማለት ነው። ታዲያ ኢንክሪፕት ያደረግኩት ምኑን ነው?

ሌላም አለ። የአንዱን ፈንክሽን ሮል (ምን እንደሚፈቀድለት የሚወስነውን ማንነት) አጥፍቼ በዚያው ስም መልሼ ፈጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር፣ ኬኤምኤስ ስለከለከለ ቫሪያብሎቹን መፍታት አልተቻለም የሚል ስህተት ይመጣል። ፖሊሲውን (የፈቃዶቹን ዝርዝር) ደጋግሜ አየሁት፤ ፈቃዱ አለ። ቴራፎርምም ምንም የሚቀየር ነገር የለም ይለኛል።

መልስ፦ ቁልፍ_ያዥ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይር። የቆዩትን ቅጂዎች ማጽዳት ይደርሳል፤ ፓስወርዱ ከተቀየረ እነሱ ውስጥ ያለው ምንም አይከፍትም።

ኬኤምኤስ የሚጠብቅልህ ላምዳ ዘንድ የተቀመጠውን ነው። እሱ ደግሞ የራስህን ቁልፍ ባትሰጠውም በነባሪው ቁልፍ ኢንክሪፕት ይደረጋል። የራስህ ቁልፍ የሚጨምርልህ ማን መፍታት እንደሚችል የመወሰን ሥልጣን ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ቴራፎርም ግን ፓስወርዱን ለላምዳ ከመስጠቱ በፊት በእጁ ይዞታል፣ የያዘውንም ስቴት ላይ ይመዘግባል። ሴንሲቲቭ የሚለው ቃል ከስክሪን ይደብቃል እንጂ ከስቴት አያወጣም።

እኔም እዚህ ቦታ ደርሼ ስለነበር የወደቅኩባቸውን ሁለት ጉድጓዶች ልንገርህ። መጀመሪያ ቴራፎርም ራሱ በኬኤምኤስ ኢንክሪፕት እንዲያደርገው የሚያስችለውን ሪሶርስ (በቴራፎርም ኮድ የሚፈጠር ነገር) ሞከርኩ። የተመሰጠረው ጽሑፍ ወጣ፤ ዋናው ፓስወርድም እዚያው ስቴት ውስጥ ከጎኑ ተጻፈ። ቀጥዬ ፓስወርዱን ፓራሜተር ስቶር (የኤደብልዩኤስ የቅንብር ዋጋዎች ማስቀመጫ) ውስጥ በእጄ አስገባሁና ቴራፎርም በዴታ ሶርስ (ያለውን ነገር በሚያነብበት መንገድ) አንብቦ ለፈንክሽኑ እንዲሰጠው አደረግኩ። ዴታ ሶርስ ያነበበውም ስቴት ውስጥ ይገባል! ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ ወደ ተነሳሁበት መለሰኝ።

በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ቫሪያብሉ ውስጥ መግባት ያለበት ምስጢሩ ሳይሆን የምስጢሩ ስም መሆኑ ነው። ፓስወርዱን ፓራሜተር ስቶር ውስጥ በሴኪዩር ስትሪንግ (ተመስጥሮ በሚቀመጥ ዓይነት) አስቀምጥ፤ መደበኛው ደረጃ እስከ 4 ኪሎባይት ይይዛል። ለፈንክሽኑ የፓራሜተሩን ስም ብቻ ስጠው። ሮሉ ያንን አንድ ፓራሜተር እንዲያነብና በዚያ ቁልፍ እንዲፈታ ብቻ ይፈቀድለት፤ ሁሉንም የሚፈቅደውን ኮከብ ምልክት (*) አትጠቀም። ፈንክሽኑ ሲነሳ፣ ከሃንድለሩ (በእያንዳንዱ ጥሪ ከሚሠራው ኮድ) ውጭ፣ አንዴ አንብቦ ይይዘዋል። ፓስወርዱ በየጊዜው በራሱ እንዲቀየር ከፈለግክ ሴክሬትስ ማኔጀር (የኤደብልዩኤስ የምስጢር ማስቀመጫ) ይሻልሃል።

ፓራሜተሩን የግድ ቴራፎርም ይፍጠረው ካልክ ከቴራፎርም 1.11 ጀምሮ ራይት ኦንሊ የሚባሉ አርጉመንቶች አሉ፤ ይላካሉ እንጂ ስቴት ላይ አይጻፉም። ለውጥ መኖሩን ቴራፎርም የሚያውቀው አብሮ በሚሰጠው የቨርዥን ቁጥር ስለሆነ ፓስወርዱን ስትቀይር ቁጥሩን መጨመር አትርሳ።

መልስ፦ የሮል_ነገር

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ። ላምዳ በራስህ ቁልፍ ሲሠራ ለፈንክሽኑ ሮል ኬኤምኤስ ላይ ግራንት (ቁልፉን የመጠቀም ፈቃድ) ይፈጥራል። ግራንቱ የሚይዘው የሮሉን ስም ሳይሆን የውስጥ መለያውን ነው። ሮሉን አጥፍተህ በዚያው ስም ስትፈጥረው ስሙ አንድ ነው፣ መለያው ግን ሌላ፤ ግራንቱ የቀረው ለጠፋው ሮል ነው። ኤአርኤኑ ስላልተለወጠ ቴራፎርም ልዩነት አይታየውም።

ለአሁኑ ፈንክሽኑን ወደ ሌላ ሮል አዙረህ መልሰው፤ ያኔ ግራንቱ እንደ አዲስ ይፈጠራል። ለወደፊቱ የሮሉን ስም ሙሉውን አትጻፍ፤ መነሻውን ብቻ ስጥና ቀሪውን ቴራፎርም ይጨምርበት። ሮሉ እንደገና ሲፈጠር ስሙም ስለሚቀየር ፈንክሽኑ አብሮ ይታደሳል።

መልስ፦ ክፍት_ምንጭ

ከቴራፎርም የተገነጠለው ክፍት ምንጭ መሣሪያ ኦፕንቶፉ ከ1.7 ጀምሮ ስቴቱን ራሱን ኢንክሪፕት ማድረግ ይችላል፣ በኬኤምኤስ ቁልፍም ይሠራል። እኔ እሱን ነው የምጠቀመው። ሆኖም ቁልፍ_ያዥ ካለው ጋር አብሮ እንጂ በምትኩ አይሁን፤ ስቴቱን መፍታት የሚችል ሁሉ አሁንም ፓስወርዱን ያያል።

ጠያቂ፦ ንጋት_ኮድ

እግዜር ይስጥልኝ። ሮሉን አዙሬ መለስኩት፣ ወዲያው ሠራ። ፓስወርዱን ቀይሬ 4 ፈንክሽኖችን ወደ ፓራሜተር ስቶር አዛውሬያለሁ። አንድ ነገር ግን ገጠመኝ፦ ፓስወርዱን ስቀይር ቀድመው የተነሱት ፈንክሽኖች አሮጌውን ይዘው ቀሩ።

መልስ፦ ቁልፍ_ያዥ

የሚጠበቅ ነው። ዳታቤዙ ፓስወርዱን አልቀበልም ሲልህ የያዝከውን ጥለህ አንዴ ብቻ እንደገና አንብብ፣ ደግመህ ሞክር፤ ያም ካልሆነ ስህተቱን አውጣው። የኤደብልዩኤስን የፓራሜተርና የሴክሬት ኤክስቴንሽን (ለፈንክሽኑ አንብቦ የሚይዝ ተጨማሪ) ብትጠቀምም በነባሪው ያነበበውን 300 ሰከንድ ስለሚይዝ ይህ ድጋሚ ሙከራ አይቀርልህም። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት የዳታቤዝ ተጠቃሚ ፈጥሮ ማፈራረቅ ነው፦ አንዱን ስትቀይር ፈንክሽኖቹ በሌላኛው ይሠራሉ።