ቃለ መጠይቁ ስለ ኮድ ሳይሆን ስለ ትዳር ሲሆን
ሐዋሳ ነኝ፤ በጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በፖስትግሬስ (የመረጃ ቋት) የባክኤንድ ሥራ እሠራለሁ፤ ተጠቃሚው የማያየውን የሶፍትዌር ክፍል ማለት ነው። አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ወንዶቹ አመልካቾች ስለ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን የመረጃ ቋት ማውጫ) እና ስለሚዘገይ ኩዌሪ (ለመረጃ ቋት የሚቀርብ ጥያቄ) ተጠየቁ፤ እኔ ስለ መውለድ፣ ደግሞም «ሌሊት ሰርቨር ቢወድቅ ባልሽ ይፈቅዳል?» (ባል እንዳለኝ ማን ነገራቸው?)። ወደ ኮዱ ልመልሳቸው ስሞክር «ይደረስበታል» አሉ፤ አልተደረሰበትም። ውጤቴን በኢሜይል ስጠይቅ የመጣው «ከቡድኑ ጋር አትሄጂም» ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ መለየትን ይከለክላል፤ እኩል ውጤት ሲመጣም ለሴቷ ቅድሚያ ይሰጣል። ግን የነጥብ መስጫ ቅጹ እነሱ ጋ ነው፤ ያለ እሱ እኩልነቱን ማሳየት አይቻልም። በእጄ ያሉት የጽሑፍ ፈተናው ውጤት፣ ኢሜይሉና የዚያኑ ዕለት የመዘገብኳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ገና ያልተቀጠረ አመልካች ይህን ይዞ ድርጅቱ ቅጹን እንዲያቀርብ ማስገደድ የሚችለው በየትኛው በኩል ነው፦ በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይስ በፍርድ ቤት?